ማን ከፍሎት ነው የሚያሞግሰው? ስለ ዝነኞች ከጎንደር ተማሪዎች ጋር የሚሠራ የስድስት ሳምንት ሥራ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብን ለሚያስተባብሩ መምህራን ነው። የወጣት ማእከል አስተባባሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ ኃላፊ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ማነጋገር የሚፈልግ ወላጅም ሊጠቀምበት ይችላል። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ላሉ፣ ከ30 ላልበለጡ ተማሪዎች ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 80 ደቂቃ ያዙለት። በ40 ደቂቃ ልጨርስ ያለ ሰው ስብከት ላይ ይወድቃል፤ መምህሩ ተናግሮ ይወጣል፣ ተማሪው ምንም ሳይሠራ ደወል ይደወላል።

ተማሪው የሚወደውን አርቲስት እንዲተው ማድረግ የዚህ ሥራ ዓላማ አይደለም። ዓላማው አንድ ጥያቄ እንዲለምድ ነው፦ ሙገሳ ሲሰማ «ይህን ማን ከፍሎበት ነው?» ብሎ መጠየቅ። ጎንደር ደግሞ ይህን ጥያቄ ለማስተማር የተመቸች ከተማ ናት፤ የአዝማሪ አገር ናትና። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲያሞግስ ሙገሳው በገንዘብ እንደሚመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ብሩ የሚለጠፈው ሰው ሁሉ እያየ ግንባሩ ላይ ነው። የሚሞገሰውም፣ የሚያሞግሰውም፣ የሚሰማውም ውሉን ያውቁታል፤ ስለዚህ ሰሚው ገንዘቡን ትቶ ወደ ግጥሙ፣ ከሰሙ ሥር ወዳለው ወርቅ ጆሮውን ይጥላል። ስልክ ላይ ግን ክፍያው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። አንዲት ተዋናይት ስለ አንድ ክሬም ስትናገር ልጁ የሚሰማው የታላቅ እኅቱን ምክር ነው፤ ብሩን አላየማ። የስድስቱ ሳምንት ሥራ ሁሉ ያን የተሸፈነ ብር ወደ ግንባር ማምጣት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ስልክ፣ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ፣ ፕሮጀክተር ካለ ፕሮጀክተር፣ 40 ያህል ካርድ (አንድ ኤፎር ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ አራት ካርድ ይወጣል)፣ ማርከር። ፕሮጀክተር ከሌለ ስድስት ስልክ አግኝታችሁ አምስት አምስት ተማሪ በአንድ ስልክ ዙሪያ አስቀምጡ፤ እንዲያውም ይህ ከፕሮጀክተሩ የተሻለ ያነጋግራል። ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ስለሚከለክል ስልኮቹ የመምህራን ይሁኑ፤ ርእሰ መምህሩም አስቀድመው ይወቁ።

ስምንት ቪዲዮ አስቀድማችሁ አውርዱና በሼርኢት ወደ ስልኮቹ አስተላልፉ። በዕለቱ ኔትወርክ ይኖራል፣ መብራት አይጠፋም ብላችሁ አትመኑ። ከስምንቱ ሁለቱ በግልጽ ማስታወቂያ የሆኑ፣ ሦስቱ ማስታወቂያነታቸው የተደበቀ፣ ሁለቱ ምንም የማይሸጡ፣ አንዱ የላይቭ ፉክክር (ሁለት ሰዎች በቀጥታ ስርጭት የተመልካች ስጦታ ለማግኘት የሚፎካከሩበት) ይሁን። ምንም የማይሸጡትን እንዳትረሱ፤ እነሱ ከሌሉ ተማሪው «ሁሉም ሌባ ነው» ብሎ ይወጣል፣ ይህ ደግሞ ከማመን የባሰ ስንፍና ነው።

ቪዲዮ ስትመርጡ የከተማዋን ቲክቶከሮች ተዉ። ጎንደር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ የአዘዞው ልጅ የአራዳውን ልጅ አጎት ያውቃል፣ ክፍሉ ውስጥ የዘመድ ልጅ ቁጭ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች የሚታዩበትንም አታምጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ስም ሳይጻፍ

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ካርድ ስጡ። ስሙን አይጽፍም። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ በጣም የምትከታተላቸው ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? መጀመሪያ የት አየሃቸው? እነሱን አይተህ የገዛኸው፣ የለበስከው፣ የተቆረጥከው ወይም የተናገርከው ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው ላይ ብዙዎች «ምንም» ብለው ይጽፋሉ። አትከራከሩ። የጸጉር ቤቶችን ግድግዳ አስታውሱና «ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዳችሁ በጣታችሁ የምታሳዩት ፎቶ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ካርዱ መልሶ ይሞላል።

ካርዶቹን ሰብስባችሁ ስሞቹን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው በሦስት ክምር ይክፈሏቸው፦ በሥራው ወይም በውድድር የታወቀ፣ በመታየት ብቻ የታወቀ፣ በጭቅጭቅና በስድብ የታወቀ። ክርክሩ እዚህ ይሞቃል፤ ቢያንስ 25 ደቂቃ ተዉት። አንዱ ዘፋኝ በሥራውም በጭቅጭቁም የታወቀ ይሆናል፤ በሁለቱም ክምር ይግባ። አበበ ቢቂላን ወይም ደራርቱ ቱሉን ማንም ካልጻፈ እናንተ አምጧቸውና ጠይቁ፦ አበበ በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ ደራርቱ በዚሁ አቆጣጠር በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ ዝናውን ያመጣው ምንድን ነው? ካሜራው ባይኖር ሩጫው ይቀር ነበር? ይህን ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ክምር ስሞች ሲመልሱት ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ከተማዋ የወጣችበትን ደስታ ብዙዎቹ ስለሚያስታውሱ «አፄዎቹ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ተጫዋቹ ቢለወጥም ሥራው በሜዳ ይታያል።

በዚህ ቀን የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ መምህሩ «በእኛ ጊዜ» ማለት ሲጀምር። የተማሪዎቹ አያቶች በ1960ዎቹ ዓ.ም. አፍሮ አጎፍረው፣ ቤልቦተም ለብሰው ነበር፤ ያንንም ያመጡት ከዘፋኝና ከፊልም ነው። ስለዚህ የቤት ሥራው ይህ ይሁን፦ ከአባት፣ ከእናት ወይም ከአያት የወጣትነት ፎቶ አንድ አምጡና «ይህን አለባበስ ከማን አይተው ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ኑ። ፎቶው ከቤት እንዲወጣ የማይፈቅድ ቤተሰብ አለ፤ መልሱን ብቻ ይዞ መምጣትም ይበቃል። ይህ የቤት ሥራ ካሰባችሁት በላይ ይጠቅማል፤ እናትና ልጅ ስለ ዝነኛ ያለ ቁጣ የሚነጋገሩበት የመጀመሪያ ቀን ሊሆን ይችላልና።

የሚቻል ከሆነ በዚሁ ሳምንት አንድ አዝማሪ ጋብዙ። ቡርቧክስ ቅርብ ነው፤ ከተማ ውስጥም አሉ። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «ለትምህርት ነው» ብሎ በነፃ ማሠራት ነውር ነው፣ ትምህርቱንም ያፈርሳል። ለ15 ደቂቃ ይጫወቱ፤ አንድ ተማሪ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይስጣቸው። ብሩ በተማሪው ፊት ይሰጥ። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «የማይወዱትን ሰው በገንዘብ አሞግሰው ያውቃሉ? እንዴት ያደርጉታል?» መልሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ቁልፍ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አንድ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ

የመርሐ ግብሩ ልብ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ማሳጠር ቢኖርባችሁም ይህን አታሳጥሩት።

ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ፣ ማስታወቂያነቱ የተደበቀ ቪዲዮ ምረጡ። መጀመሪያ እንዳለ አሳዩ፤ ተማሪው የተሰማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩ። አሁን የሚጻፈው የታየው ዕቃ ሁሉ ነው፦ ጠርሙስ፣ የሱቅ ስም፣ የሎጎ ቀለም፣ ከጀርባ ያለው ቤት፣ ስልኩ። ስንት ጊዜ ምስሉ እንደተቆረጠም ይቁጠሩ። ሦስተኛ፣ ስክሪኑን ገልብጡና ድምፁን ብቻ አሰሙ። አሁን የሚጻፈው የተጠራው ስም፣ ዋጋ፣ አድራሻ፣ «ቶሎ በሉ»፣ «ጥቂት ነው የቀረው» የሚሉት ቃላት ናቸው።

ሦስቱ ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ «ደስ የምትል ልጅ ናት» የሚል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንዶች ደግሞ ለብቻ አይቷቸው። ተመልካቹ ጣቱን አንሸራቶ እንዳያልፍ የሚያዘው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ቁጣ፣ ዕንባ፣ ምስጢር ወይም ገላ የሚቀመጠው እዚያ ነው። «ዛሬ የማልናገረውን ልናገር ነው» ብሎ የሚጀምር ቪዲዮ ስለ ምን እንዳለቀ ይከታተሉ።

ክፍያ እንዳለበት የሚያሳዩ ምልክቶችን ተማሪዎቹ ራሳቸው ካወጡ በኋላ የጎደለውን ሙሉላቸው። የዕቃው ወይም የሱቁ ስም ከሁለት ጊዜ በላይ መጠራቱ አንድ ነው። ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ የቴሌግራም ሊንክ ወይም «በእኔ ስም ስትሄዱ ቅናሽ አለ» የሚል መኖሩ ሌላው ነው። «ፔይድ ፓርትነርሺፕ» ወይም «ስፖንሰርድ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ከታየ ነገሩ አለቀ፤ ግን ብዙዎች አይጽፉትም፣ ስለዚህ አለመኖሩ ነፃ አያወጣም። ከሁሉም ጠንካራው ምልክት ግን ሌላ ነው፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ዝነኞች ስለ አንድ ዕቃ በተመሳሳይ ቃል መናገራቸው። ይህን ለማሳየት ከሦስቱ ድብቅ ማስታወቂያዎች ሁለቱ የአንድ ዕቃ፣ የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ አድርጋችሁ አውርዱ። ሁለቱ አንድ ቃል ሲደጋግሙ ክፍሉ በአንዴ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ በአጭሩ ንገሯቸው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም አልኮል እንዳይሸጥ ደንግጓል። ተማሪዎቹ ባለፈው ሳምንት ስልካቸው ላይ የቢራ ጠርሙስ ስንት ጊዜ እንዳዩ ይጻፉ። ቴሌቪዥን ላይ የጠፋው የት እንደገባ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

በመጨረሻ ምንም የማይሸጡትን ሁለት ቪዲዮዎች በዚያው መንገድ አሳዩ። ምልክቱ ካልተገኘ «ይህ ንጹህ ነው» ብሎ ማለትም መማር አለባቸው።

ሦስተኛው ሳምንት፦ እጅ እንጂ ፊት አይደለም

የቆዳ ማቅያ ክሬም የሚሸጠው በዝነኛ ፊት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስትሠሩ የማንንም ተማሪ ፊት እንደ ምሳሌ አትጠቀሙ፤ ጠየም ያለችውን ልጅ ክፍል ፊት ማቆም ክሬሙ ከሚያደርስባት ያላነሰ ይጎዳታል። እጅ ተጠቀሙ። አንድ ፈቃደኛ እጁን ዘርግቶ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ይነሳ፣ ከዚያ በቢጫ አምፑል ሥር፣ ከዚያ በስልኩ ፊልተር። ሦስቱ ፎቶ ጎን ለጎን ሲታይ አንዱ እጅ ሦስት ሰው ይመስላል። «ከክሬሙ በፊት» እና «ከክሬሙ በኋላ» የሚባለው ፎቶ አሠራር ይኸው ነው። በፊት የተባለው ጥላ ውስጥ፣ በኋላ የተባለው ብርሃን ላይ።

ከዚያ ወደ ክሬሙ ውስጥ ግቡ። በማቅያ ክሬሞች ውስጥ የሚገኙት አደገኛ ነገሮች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን እና ኃይለኛ ስቴሮይድ። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እናት ስትቀባው ቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናትም ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «መርኩሪ» ከሚለው ጋር የሚመሳሰል ስም ካለ፣ ወይም «ከብር፣ ከወርቅና ከአሉሚኒየም ዕቃ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ሜርኩሪ መኖሩን ጠርጥሩ። «ክሎቤታሶል» የሚል ካለ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ስቴሮይድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲቋረጥም ፊቱ ይቀላል፣ ይነድዳል፣ ብጉር ያወጣል። ልጅቷ ታዲያ «ክሬሙን ስተው ባሰብኝ» ብላ ትመለሳለች፤ ንግዱ የሚኖረው በዚህ መመላለስ ነው። እየተጠቀመች ያለች ተማሪ ካለች በክፍል ፊት አትጠይቋት። ስብሰባው ሲያልቅ ለሁሉም «ጥያቄ ያለው ሰው ለብቻው ይምጣ» በሉ፤ የመጣችውን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ምሩ፣ ማሸጊያውንም ይዛ እንድትሄድ ንገሯት።

ለወንዶቹ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር በጡንቻ ዱቄትና በውርርድ ይመጣል። የውርርዱን በአንድ ጥያቄ ብቻ ዝጉት፦ የሚያሸንፍ ቲኬት የሚያሳይ ዝነኛ የተበላውን ቲኬት አሳይቶ ያውቃል?

አራተኛው ሳምንት፦ ቅዳሜ ገበያ

መርሐ ግብሩን በኅዳር መጨረሻ ብትጀምሩ ይህ ሳምንት ከገናና ከጥምቀት በፊት ይውላል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጥምቀት ጎንደር ላይ ከበዓልነቱ ጋር የመታያ ቀን ነው። ከተራ ሲወጣ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ፣ በየሰፈሩ ያሉ ጓደኛሞች ዝነኛ ለብሶት ያዩትን ልብስ አንድ ዓይነት አሰፍተው ይወጣሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ገንዘቡን ያላገኘው ልጅ ግን ያን ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ይውላል፤ አንዳንዱም ቤቱ የማይችለውን እናቱን ይጠይቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ አንድ አርቲስት የለበሰችውን የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ይምረጡ። በቡድን ተከፍለው ቅዳሜ ገበያ ይውረዱ፦ አንዱ ቡድን የሸማውን ዋጋ ከሸማኔ ወይም ከነጋዴ፣ አንዱ የጥበቡን፣ አንዱ የስፌቱን ዋጋ ይጠይቅ። ሸማኔውን «ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብለው እንዲጠይቁ በተለይ ንገሯቸው። ለመግዛት እንዳልመጡ አስቀድመው ይናገሩ፤ ገበያተኛ ከሌለበት ከማለዳው ሰዓት ይሂዱ፤ ፎቶ ያለ ፈቃድ አያንሱ።

ሲመለሱ ሰሌዳ ላይ ይደምሩት። ከድምሩ አጠገብ ሁለተኛ ዓምድ አውጡና «አርቲስቷ ስንት ከፈለችበት?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ ብዙ ጊዜ ዜሮ መሆኑን ንገሯቸው፤ ዲዛይነሩ ለማስተዋወቂያ ይሰጣታል ወይም ያውሳታል፣ ለብሳ ትነሳለች፣ ትመልሳለች። ልጅቷ ሙሉ ዋጋ የምትከፍልበት ልብስ ለአርቲስቷ ደመወዝ ነው። ሦስተኛ ዓምድ፦ «ያ ገንዘብ ለሸማኔው ቢሄድ ስንት ቀን ያሠራዋል?» ብዙ ቡድን ከዚህ በኋላ በራሱ ሐሳብ ወደ ቀላል ነጠላና አንድ ዓይነት ጥለት ይወርዳል፤ ሁሉም የሚችለውን መምረጥ ማለት ነው። ካልወረደም አታስገድዱ።

አምስተኛው ሳምንት፦ ላይቭ፣ ጊፍት እና የስልኩ ሴቲንግ

የቲክቶክ ላይቭ ፉክክር ቪዲዮውን አሳዩ። አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ሁለቱ ሰዎች እየጮሁ፣ ተመልካቹ ጊፍት እንዲጥል ይለመናል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሥሩ። ጊፍቱ የሚገዛው በኮይን ነው፣ ኮይኑ ደግሞ በገንዘብ። ጽጌረዳ የሚባለው ጊፍት 1 ኮይን ነው። አንበሳ 29,999 ኮይን ነው። በቀን 10 ጽጌረዳ ሳያቋርጥ የሚጥል ልጅ በዓመት 3,650 ኮይን ያወጣል፤ አንድ አንበሳ የሚያህል ለመጣል ከ8 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አንበሳው ግን ስክሪን ላይ የሚያገሣው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከተጣለው ላይ መድረኩ ራሱ ትልቅ ድርሻ እንደሚያስቀርም ንገሯቸው። አዝማሪው ግንባር ላይ የተለጠፈው ብር ግን ሙሉው የእሱ ነበር።

ሰው ለምን ይጥላል? ስሙ ስለሚጠራለት። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመልካች ከቴሌቪዥን ሰው ጋር የአንድ ወገን ወዳጅነት እንደሚመሠርት ጽፈው ነበር፤ እሱ ያውቃታል፣ እሷ አታውቀውም። ላይቭ ያን ወዳጅነት ለአንድ ሰከንድ ሁለት ወገን ያስመስለዋል፤ ለዚያች ሰከንድ ነው የሚከፈለው። ይህን ስትናገሩ አታሹፉ። ብቸኛ የሆነ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለ፣ የምትናገሩት ስለ እሱ ነው።

ቀጥሎ ስልክ። አብዛኛው ወላጅ ልጅን የሚጠብቀው የቲክቶክ ሴቲንግ ሳይሠራ ሲቀር «ይህ ነገር ውሸት ነው» ይላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የልደት ዓመት ነው። ልጁ አካውንት ሲከፍት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተወለደበትን ዓመት ያስገባል፤ በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ «2003» ብሎ ሲሞላ መድረኩ ከ7 እስከ 8 ዓመት ያሳድገዋል። የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ቁጥር የ22 ዓመት ጎልማሳ ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ለልጆች የተቀመጡት መከላከያዎች በሙሉ ይነሣሉ። ትክክለኛ ዕድሜ ከተሞላ ግን ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ የግል መልእክት ዝግ ነው፤ ከ18 በታች ላይቭ መክፈትም ጊፍት መጣልም አይቻልም፤ በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላ ለመቀጠል የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከ13 እስከ 15 ላሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ለ16 እና 17 ዓመት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማሳወቂያ አይመጣም።

በስብሰባው ላይ ከተማሪዎቹ ጋር የምትሠሩት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ ስልክ መያዝ ከተከለከለ በመምህሩ ስልክ አሳይታችሁ ቤታቸው በራሳቸው ስልክ ይሥሩት። አንደኛ፣ ፕሮፋይል ገብቶ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት መስመሮች በመንካት «ሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ»ን፣ ከዚያ «ስክሪን ታይም»ን ወይም የሰዓት አጠቃቀምን የሚያሳየውን ሌላ ክፍል መክፈትና ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንደታየ ማንበብ። ቁጥሩን ለሌላ አያሳዩ፤ ለራሳቸው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ማየት የማይፈልጉትን ቪዲዮ በጣት ለረጅም ተጭኖ «ኖት ኢንተረስትድ» ማለት፤ የሚሠራው በተደጋጋሚ ሲደረግ ነው፣ አንዴ አድርጎ ለውጥ መጠበቅ አይቻልም። ሦስተኛ፣ የሚከተሏቸውን ዝርዝር ከፍቶ በመጀመሪያው ሳምንት «በጭቅጭቅ የታወቀ» ያሉትን መፈለግ። ይተዉት አይተዉት የራሳቸው ነው። ቁጣ ሲያይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ቁጣ እየበዛ እንደሚቀርብለት ግን ይወቁ፤ ስልኩ የሚለካው የወደዱትን ሳይሆን የቆሙበትን ነው።

ከወላጆች ጋር

ወላጆችን በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በኩል ጥሩ። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ቡና ካለ ይበልጥ ይበቃል። የሚሰሩትን አሳዩ እንጂ ስለ ልጆቻቸው አትክሰሱ፤ የተማሪዎቹን ካርድም አታሳዩ።

ለወላጅ የሚጠቅመው የአጠያየቅ ለውጥ ነው። «ይቺ ባለጌ ማን ናት?» የሚል እናት ስልኩ ተገልብጦ ያገኛታል። «የኔ ልጅ፣ እስቲ አሳይኝ፤ ይቺ ልጅ ምኗ ነው የሚያስደስትሽ?» ያለች ግን «እማዬ፣ አነጋገሯ እኮ» የሚል መልስ ታገኛለች፣ ከዚያ ጨዋታ ይቀጥላል። ሁለተኛው ጥያቄ ከሁለት ቀን በኋላ ይምጣ፦ «ያ ያወራችለት ሱቅ የማን ነው?» ሁለቱን በአንድ ምሽት የጠየቀ ምርመራ አድርጎታል። የፀጉርን ነገር ደግሞ ተዉት። ፀጉር ያድጋል፤ በግድ ያስቆረጡት ልጅ ግን ሌላውን ነገር ሁሉ መደበቅ ይማራል።

ዝነኛው ሲሞት ወይም ሲዋረድ

በመርሐ ግብሩ መካከል ይህ ሊያጋጥም ይችላል። የዕለቱን ዕቅድ ትታችሁ ስለ እሱ ተነጋገሩ። ልጁ ያላገኘውን ሰው ማልቀሱ እውነተኛ ኀዘን ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ከሆነ እንዴት እንዳደረገው አትዘርዝሩ፣ አታሳምሩትም፣ ቪዲዮውንም አታሳዩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ ሌላውን ሊያስከትል ይችላል። ዝም ያለውን ልጅ በዚያው ቀን ለብቻው አነጋግሩት፤ ቤተሰቡን አግኙ፣ ወደ ጤና ባለሙያም ውሰዱት። ቅሌት ሲወጣ ደግሞ ቪዲዮውን ሼር የማያደርግ ቡድን ለመሆን በቃል ይስማሙ። ይህን ስምምነት ያፈረሰ ቢኖር ከቡድኑ አታስወጡት።

ስድስተኛው ሳምንት፦ ሚኒ ሚዲያው ላይ

ተማሪዎቹ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ፕሮግራም ሠርተው በጠዋት ሰልፍ ያቅርቡ፤ አንድ ማስታወቂያ ፈትተው ያሳዩ። የሱቅና የሰው ስም ይቀየር፣ አለበለዚያ ትምህርት ቤቱ ላይ ክስ ወይም ጠብ ይመጣል። እንደ ምግብ ጠረን የሚያስጎመጅ የውሸት ማስታወቂያ ራሳቸው ጽፈው፣ አንዱ ዝነኛ ሆኖ አንብቦት፣ ሌላው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቢያወጣ ሰልፉ ይሰማል። ደረቅ ምክር ከሆነ ግን ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጫጫታ ይነሣል።

መሥራቱን ለማወቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ካርድ መልሳችሁ አስሞሉና አንድ አዲስ፣ ያላዩት ቪዲዮ ጨምሩ። የሚለካው የሚከተሉት ዝነኛ ቁጥር መቀነሱ አይደለም፤ እሱ ላይቀንስ ይችላል። የሚለካው በአዲሱ ቪዲዮ ላይ ስንቱ ተማሪ ያለ እገዛ ከፋዩን እንዳገኘ ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ሁለተኛውን ሳምንት በሌላ ቪዲዮ ድገሙት። በሁለተኛው ዓመት ቪዲዮዎቹን ሁሉ ቀይሩ፤ የአምናው ዝነኛ ዘንድሮ ላይታወቅ ይችላል። ካርዶቹን አቃጥሉ፣ የቅዳሜ ገበያውን ዋጋ የያዘውን ወረቀት ግን ለሚቀጥለው ክበብ አስቀምጡ፤ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ያስተያዩታል።